ሁለተኛ ጥይት የማያባክነው ሰው

ሻግ ኮቭ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር ስለ ሴልቢ ፌልታም ብትጠይቁ ሰው ሁሉ የሚመልስላችሁ አንድ ነገር ነው፤ «አንድ ጥይት፣ አንድ ሙስ።» ሙስ የሚሉት ግዙፍ አጋዘን ደግሞ ቀላል አውሬ አይደለም። ቁመቱ ከፈረስ ይበልጣል፣ ሥጋው ሁለት ቤት ክረምቱን ያሳልፋል፣ ቆስሎ ካመለጠ ግን ረግረግ ለረግረግ ሰውን ሲያንከራትት ይውላል። ሴልቢ ካነጣጠረ ጠመንጃው አንዴ ይጮህና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ባሕሩ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ተኩሱን ሲሰሙ «ሴልቢ ሥጋ አገኘ» ተባብለው መረባቸውን መጎተት ይቀጥላሉ። እሱም ወሬው አይከፋውም ነበር። ከሚስቱ ከማይራ በቀር ፊት ለፊት «ጉረኛ» ያለው ሰው የለም፤ እሷም ብትለው ሻይ እየቀዳችለት ነው።

ጠመንጃው የአባቱ ነበር። የጥይቱ ልክ ሦስት መቶ ሦስት የሚባል ሊ ኤንፊልድ፣ ጦርነት ውሎ የመጣ፣ ሰደፉ ላይ ስሙ የማይታወቅ ወታደር በሰንጢ የፈለፈላቸው ሁለት ፊደላት ያሉበት። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ባለ መነጽር አዲስ ጠመንጃ ሲገዙ ሴልቢ ንቅንቅ አላለም። «መነጽር ለመጽሐፍ ነው፤ ሙስ እንደሆነ ቤት ያህላል፣ ምን ያጎላልኛል?» ይል ነበር። ክረምት ክረምት ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጎጆ ይቀመጥና የተተኮሱትን ቀለሆች ጠርጎ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ አድርጎባቸው ራሱ ጥይት ይሠራል። ይህንንም ያስተማረው አባቱ ነው።

አባቱን መንደሩ አጎት ኤልድሬድ ይለው ነበር፤ በዚያ አገር ሰው ከሸመገለ ዘመድ ሆነም አልሆነ አጎት ነው። አጎት ኤልድሬድ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ታላቁ ሄይዋርድ ዝምተኛ፣ ነገር የሚያብሰለስል ሰው ነው፤ ወጣትነቱን ላብራዶር የብረት ማዕድን ውስጥ ሲቆፍር ጨርሶ፣ ሳያገባ ተመልሶ ኮረብታው ላይ ቤት ሠራ። ታናሹ ሴልቢ አሣ አስጋሪ ነበር፤ መንግሥት ኮድ የሚባለውን አሣ ማስገር እስኪከለክል ድረስ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት መኪና እየነዳ የመንገድ በረዶ ይጠርግ ጀመር። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በረባ ባልረባው ይኳረፋሉ። አንዴ በጀልባ ቀለም ተጣልተው ከገና እስከ ፋሲካ አልተነጋገሩም።

ታዲያ ሽማግሌው ሊሞት ሲል ሁለቱንም አስጠራና ጠመንጃውን አልጋው ላይ አስቀምጦ ከሁለት ከፈለው። ከኋላ ያለውን፣ ወደፊት ሲገፉት ጥይት አጉርሶ የሚዘጋውን የብረት መቀርቀሪያ ሳብ አድርጎ አወጣና ለሄይዋርድ ሰጠው። የቀረውን ለሴልቢ ገፋለት።

«ጠመንጃው ያንተ፣ መቀርቀሪያው የሱ» አለ።

«እንዴ አባባ፣ ይሄ ምን ሊሠራልኝ ነው?» አለ ሴልቢ።

«ብቻህን ምንም። ልክ ነህ። ለሱም ብቻውን ምንም አይሠራለትም። ለዚህ ነው እኮ ያደረግሁት፣ አንተ ደረቅ!»

እንደ እኔ ከሆነ ሽማግሌው ከዚህ የበለጠ ብልሃት በዕድሜው አልሠራም። የነዚያን ጠመንጃዎች ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ መቀርቀሪያ ከራሱ ጠመንጃ ጋር ተለክቶ፣ ተሞርዶ ነው የሚገጠመው። ሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር ይቀረጻል። የአንዱ ለሌላው ቢገባ እንኳ ልኩ አይመጣም።

ብልሃቱም ለብዙ ዓመት ሠራ። የሙስ አደን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ሄይዋርድ መቀርቀሪያውን በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ ከኮረብታው ይወርዳል። ሳያንኳኳ ይገባል፤ እዚያ አገር የሚያንኳኳ ፖሊስ ብቻ ነው። ካልሲውን ከዳቦውና ከማርማላቱ መሃል ያስቀምጥና «ይኸው፣ ሙሽራዋን አመጣኋት» ይላል። ሴልቢም «ጥሎሹን ማይራ ትከፍልሃለች» ይላል። በየዓመቱ ያው ቀልድ ነው፤ በየዓመቱም ማይራ ትስቃለች። ቀሪውን ዓመት ባይነጋገሩ እንኳ ያን ሳምንት ረግረጉን አብረው ይረግጣሉ፣ ካንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ፣ ሥጋውን እኩል ይካፈላሉ። የአደን ፈቃዱም በሁለቱ ስም ነበር የሚወጣው።

ነገሩ የተበላሸው በአዳራሽ እራት ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መኸር ተኩሱ የሄይዋርድ ተራ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮት ኖሮ ሁለት ጊዜ ሳተ፣ በሦስተኛው ሆዱን መታው። ሁለቱ ወንድማማቾች ያን የቆሰለ ሙስ ሲከተሉ ዋሉ፤ ሲያገኙት ሄይዋርድ አጠገቡ ተንበረከከ። ሴልቢ ይህን አይቷል። አይቶም፣ በሚቀጥለው ዓመት የበጋ ማብቂያ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ድንችና የጨው ሥጋ በሚበሉበት አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ብድግ ብሎ አወራው።

«ወንድሜ ሄይዋርድኮ አዛኝ ነው!» አለ። «ሙሱን አስቀድሞ በሁለት ጥይት አስጠነቀቀው። 'አደራ፣ ቤተሰብህን ተሰናበት' አይነት ነገር።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሄይዋርድም ሳቀ። ሳህኑን ለማይራ ሰጠ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ወጣ። ማይራ ያን ዕለት ባሏን «ምነው ምላስህ ቢቆረጥ» አለችው። ሴልቢ ግን «ቀልድ ነው፣ እሱም ስቋል» አለ። የሳቀ ሁሉ ከልቡ የሳቀ ይመስለዋል።

አደን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ሴልቢ ሻይ አስፈልቶ ተቀመጠ። ሄይዋርድ አልመጣም። አደኑ ተከፈተ፤ አልመጣም።

«ሂድና ጥራው» አለችው ማይራ።

«መንገዱን ያውቀዋል።»

«አንተም ታውቀዋለህ!»

«አባባ እሱ ይውረድ ብሎ ነው መቀርቀሪያውን የሰጠው። እኔ ለምኜ አልወጣም።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ ሴልቢን ያስዋጠው የሌላ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ነው። ከአውራ ጎዳናው ወዲያ ባለችው ከተማ አሮጌ የጠመንጃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር። ሴልቢ ነድቶ ሄደና ካንድ ሣጥን ሙሉ መቀርቀሪያ መካከል አንዱን መርጦ መጣ። ገጠመው። ገባ። ቁጥሩ ሌላ ነበር። አይቶታል፤ እንዳላየ ሆነ። በማግሥቱ ጠዋት ብቻውን ጫካ ገባ፤ አንድ ጥይት ተኮሰ፣ አንድ ሙስ ጣለ።

የሥጋውን እኩሌታ በጎረቤት መኪና ወደ ኮረብታው ላከ፤ ፈቃዱ የጋራ ነውና ይህን አልካደም። ሥጋው ሳይነካ ተመለሰ። ጎረቤትየው አንገቱን እያከከ «አጎት ሄይዋርድ 'ያልገደልኩትን አልበላም' ብሏል» አለ። ሴልቢ ፊቱ ቀላ። «እንግዲያው ይራብ!» አለ። ከዚያ በኋላ ፈቃዱን ከማይራ ጋር አወጣ።

እንዲህ ሆነው ስምንት ዓመት ኖሩ። እሑድ እሑድ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ በኩል ተቀምጠው ያንኑ መዝሙር ይዘምራሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ሳሉም አልቀረም፤ የሄይዋርድ ደረት ከላብራዶር ይዞት የመጣውን የአቧራ ዕዳ መክፈል ጀምሮ ነበር። ማይራ ብቻ ናት ነገሩን ችላ ያላለችው። ሙሱን ቀቅላ በጠርሙስ ስታሽግ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ደብቃ ኮረብታው ላይ ደጃፉ ታስቀምጥለታለች። ያ 'ያልገደልኩትን አልበላም' ያለው ሰውዬም በልቶ፣ ጠርሙሱን አጥቦ፣ እዚያው ደጃፍ ይመልስላታል። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

ሴልቢ ደግሞ በጎጆው ውስጥ የራሱ ምስጢር ነበረው። መቀርቀሪያው ልኩ ስላልሆነ ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ከሥሩ ከፍ ብሎ ነጭ የሚያብለጨልጭ ቀለበት ያወጣል። አባቱ ጫፏ የታጠፈች ቀጭን ሽቦ ወደ ቀለሁ ውስጥ አስገብቶ ውስጡን መዳበስ አስተምሮታል፤ ሽቦዋ ጎድጓዳ ነገር ከነካች ቀለሁ ሊበጠስ ነው ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ይጣላል። «የናስ ዕድሜ ከሰው ያጥራል፣ አትመነው» ይል ነበር ሽማግሌው። ሴልቢ በየክረምቱ ሽቦዋን አስገባ፣ ጎድጓዳውን ዳሰሰ፣ የባሰበትን ጣለ፣ ያልባሰበትን ደግሞ ሞላ። መቀርቀሪያውን ግን አልጣለም። እሱን መጣል ማለት ኮረብታውን መውጣት ማለት ነው።

በስምንተኛው መኸር ቀለሁ ጠመንጃው ውስጥ ተበጠሰ። የጋለ ጢስና የባሩድ ብናኝ በመቀርቀሪያው ጎን ሾልኮ ጉንጩን ገረፈው። ዓይኑ ለጥቂት ተረፈ። ሙሱ ወደቀ፤ ሴልቢም በጉልበቱ በረዶ ላይ ወድቆ ለረጅም ጊዜ ፊቱን ይዞ ተቀመጠ። ቤት ሲገባ «ቅርንጫፍ ነው የመታኝ» አለ።

ማይራ በጨርቅ ጉንጩን እየጠረገች ጨርቁን አሸተተችው። «ቅርንጫፍ ባሩድ ይሸታል?»

ሴልቢ ፊቱን ከጨርቁ አሸሸ።

«ሂድ፣ ሴልቢ። ስለ ጠመንጃው ሂድ በቃ። ስለ ሌላው ነገር አፍህን አትክፈት ከፈለግህ። 'መቀርቀሪያዋን ስጠኝ' በለውና ተመለስ።»

«እሺ፣ ከገና በኋላ።»

ከገና በኋላ በረዶው ከባድ ነው አለ። በረዶው ሲቀልጥ መንገዱ ጭቃ ነው አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን እያወቀ አሳለፈው። በፀደይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሄይዋርድ ከአልጋ መነሳት እንዳቃተው፣ ኦክስጅን እንደ ተደረገለት ነገሩት። ያን ዕለት ሴልቢ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ማይራ ከመስኮቱ እያየችው ነበር፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቆመ፣ ዞረ፣ እንደገና ዞረና ወጣ።

ሄይዋርድ በወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃው አጠገብ በተዘረጋለት አልጋ ላይ ነበር። ከስቶ፣ ትልልቅ እጆቹ ብቻ ቀርተውታል።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ሴልቢ ነኛ! መልኬንም ረሳኸው?»

«የለም፣ የለም። አርጅተህብኝ ነው። ተቀመጥ፣ ወንበር አይናከስም።»

ሴልቢ ተቀመጠ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር። «መቀርቀሪያዋን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለ። ውሸቱን ነበር። መንገድ ላይ የቆመውም ለዚህ ነው፤ እውነተኛውን ቃል ፈልጎ ሲያጣው ጊዜ።

«የለችም።»

«እንዴት የለችም?»

«ከጀልባው ማቆሚያ ጫፍ ሆኜ ባሕር ውስጥ ወረወርኳት። የዛን ለት።»

«የቱን ለት?»

ሄይዋርድ አየር እስኪያገኝ ጠበቀ። «ያለኔ የተኮስክ ለት ነዋ። እጄ ላይ ነበረች እኮ፣ ሴልቢ። በካልሲዋ ጠቅልያት ጫማዬን አስራለሁ። 'ይሁን፣ ታላቅ እኔ ነኝ፣ እኔው ልውረድ' ብዬ። አንደኛውን እግር አስሬያለሁ። ከዛ ተኩስ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከመቶ ጠመንጃ መሃል አውቀዋለሁ፣ የአባባ ነው። ግን መቀርቀሪያዋ እኔጋ ናት! ትንሽ እንደ እብድ አደረገኝ። ከዛ ገባኝ።»

ሴልቢ ምድጃውን ያይ ነበር። «እኔምኮ ሻይ አፍልቼ ጠብቄህ ነበር» አለ።

«ትጣራ ነበራ! መንገዱ ወደ ላይም ይወጣል።»

የኦክስጅኑ ማሽን ብቻ ይተነፍሳል። ከዚያ ሄይዋርድ ወደ ሴልቢ ጉንጭ፣ ወደ ጠቆሩት ጥቃቅን ነጥቦች አየ።

«ተበጠሰብህ?»

«ተበጠሰ።»

«አውቄዋለሁ። ቀለበት ያወጣ ነበር አይደል?»

«ገና ከመጀመሪያው።»

«እና እያየህ ትተኩሳለህ!» ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጮኸበት። «እኔ በየዓመቱ እዚች ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ስሰማህ ምን የምሆን ይመስልሃል? አንዴ ይጮሃል፤ ከዛ ዝም። የወደቀው ሙሱ ይሁን አንተ ትሁን በምን ልወቅ? ሌላው ሰው ቢሆን ሁለት ሦስቴ ይተኩሳል። ሁለተኛውን ስሰማ 'በሕይወት አለ' ብዬ እገባ ነበር። አንተ ግን በየዓመቱ ሞትክብኝ በጉራህ! አንድ ጥይት፣ አንድ ሙስ! አንዷን ብታባክናት ምን ነበረበት፣ አንተ ጉረኛ?»

መሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ሴልቢ ተነሥቶ ከትከሻው ደግፎ ያዘው። ወንድሙን ከነካው ስምንት ዓመት አልፎት ነበር፤ አጥንቱ በእጁ ገባ።

«እስከ መቼ ትጠብቅ ነበር?» አለው ሳሉ ሲበርድ።

«መኪናህ ከታች እስኪያልፍ። አንዳንዴ ይመሽ ነበር። አንዴማ ዝናብ ወረደብኝ፤ ማይራ ያመጣችውን ጠርሙስ ታቅፌ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ተጣልተን የለ!» አለ ሄይዋርድ፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ ነው በሚል ዓይነት።

ያን ከሰዓት ሴልቢ እዚያው ቆየ። እንጨት ፈለጠለት፤ በቆርቆሮ ወተት ሻይ አፈላለት፤ ስለ አባታቸው፣ ስለ ጀልባው ቀለም አወሩ። ስለ አዳራሹ እራት ሴልቢ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለት ጊዜ ዘጋው። ነገ እነግረዋለሁ አለ በልቡ። «ነገ ማይራን ይዣት እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ ማለዳ አምቡላንስ መጥቶ ሄይዋርድን ወሰደው። ሴልቢና ማይራ ሆስፒታሉ ሲደርሱ አልጋው ባዶ ነበር። ነርሷ ብዙ እንዳልተሠቃየ ነገረቻቸው፤ ደግ ልጅ ናት፣ ለሁሉም እንዲሁ ሳትል አትቀርም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሴልቢም የኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እያየው፣ ሳያፍር አለቀሰ። «ይቅርታ ሳልለው» ይል ነበር። «ያንን ብቻ ሳልለው።» ማይራ እጁን ያዘች። «አውቆልሃል» ልትለው ትችል ነበር፤ ግን ዋሽታው አታውቅም።

በመኸር ጠመንጃውን ከቁም ሣጥን አላወጣውም። የአደን ፈቃድም አልጠየቀ። ያን ባዕድ መቀርቀሪያ በመዶሻ ቀጥቅጦ ከጥቅም ውጭ አደረገው፤ ሌላ ሰው እንዳይገጥመው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ እሱም ይህን ለራሱ ብሎታል። ከዚያ የሄይዋርድን ቤት ለክረምቱ ሊዘጋ፣ የውሃውን ቧንቧ ሊያፈስ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሥራውን ጨርሶ ደረጃው ላይ ትንፋሹን ሊሰበስብ አረፍ አለ።

ከወዲያኛው ረግረግ አንድ ተኩስ ተሰማ።

ማን እንደሆነ አላወቀም። ባለ መነጽር አዲስ ጠመንጃ ነው፣ ድምፁ ያስታውቃል፤ ምንም የሚያሰጋ ነገር አልነበረበትም። ሴልቢ ግን ሁለተኛውን ሲጠብቅ ራሱን አገኘው። ጠበቀ። አልመጣም። ነፋሱ ከባሕሩ እየበረታ መጣ፤ እጁን በብብቱ አድርጎ ተቀመጠ፣ የሚሰማውን ሁሉ እየሰማ። ያ የማያውቀው ሰው ተርፎ ይሆን ብሎ ሠጋ፤ ተኳሹ የገዛ ወንድሙ ቢሆን ደግሞ እንዴት ሊሆን ነበር ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ማሰቡን ተወው፣ የሚቻል አይደለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙስ የጫነ መኪና ከጫካው መንገድ ወጥቶ ከኮረብታው ሥር መጣ። የሚነዳው ጎልማሳ ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መስኮቱን አወረደና «እንዴት ዋልክ፣ አጎት ሴልቢ!» ብሎ እጁን አነሣለት።

ሴልቢ እጁን ሊያነሣ አልቻለም። እሱ በዚያች መንገድ ስምንት ዓመት ሙሉ ሙሱን ጭኖ ሲያልፍ ዓይኑን ከፊት ለፊቱ አንሥቶ ወደዚህ ደጃፍ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም ነበር።